ለፌስ ግሩቭ የትኛው ሆልደር ይሻላል? ለቶርኖ ሠራተኛ የተዘጋጀ ንጽጽር

በዘንግ ዙሪያ ግሩቭ፣ ማለትም ቦይ፣ መቁረጥ ቀላል ነው። የኢንሰርቱ (ተነቃዩ የመቁረጫ ጫፍ) ስፋት ከገጠመና ስለቱ ሴንተር ላይ፣ ማለትም በሥራው መዞሪያ መሃል ከፍታ ላይ፣ ከቆመ፣ ዘንጉ 20 ሚሜ ሆነ 200 ሚሜ ያው ሆልደር (ኢንሰርቱን የሚይዘው መሣሪያ) ይሠራል። ግሩቩ ፊት ላይ ሲሆን፣ ማለትም በፍላንጅ፣ በፓምፕ ክዳን ወይም በሃይድሮሊክ ሲሊንደር ራስ ፊት ላይ ክብ ቦይ ስንቆፍር ግን ነገሩ ይለወጣል። ቦዩ ክብ ነው፤ ሆልደሩ ደግሞ ቦዩ ውስጥ ገብቶ መሥራት አለበት። ቀጥ ያለ ብረት ክብ ቦይ ውስጥ ጎኑ ሳይነካ አይገባም። ስለዚህ ለፌስ ግሩቭ፣ ማለትም ለእንዲህ ያለ የፊት ቦይ፣ የተሠራ ሆልደር በአብዛኛው የተወሰነ የዲያሜትር ክልል አለው። ከዚያ ክልል ውጭ ምንም ያህል ውድ ቢሆን አይረባም።

ብዙ ሰው ሆልደር ሲገዛ መጀመሪያ የሚያየው የእጀታውን መጠን ነው፤ ቀጥሎ የኢንሰርቱን ስፋት፣ ከዚያ ዋጋውን። ሁሉም ያስፈልጋሉ፤ ግን ከሁሉም በፊት መልስ ማግኘት ያለበት ጥያቄ አንድ ነው፦ ስለቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ብረቱ ውስጥ የሚገባው በስንት ዲያሜትር ላይ ነው? ይህን ሳያውቁ ሱቅ መግባት ገንዘብ ማባከን ነው።

ዲያሜትሩ ለምን ይወስናል

በቁጥር እንየው። የውጭ ግድግዳው 70 ሚሜ ዲያሜትር ያለው ግሩቭ አለን፤ ራዲየሱ 35 ሚሜ ነው። ኢንሰርቱን ተሸክሞ ቦዩ ውስጥ የሚገባውን ቀጭን የሆልደሩን ክፍል ከዚህ በኋላ ምላስ እለዋለሁ። ይህ ምላስ 3 ሚሜ ውፍረት አለው፣ ከስለቱ ወደ ታች 15 ሚሜ ይወርዳል እንበል። ስለቱ ሴንተር ላይ ሲቆም፣ ከሴንተር 15 ሚሜ ዝቅ ብሎ የግሩቩ የውጭ ግድግዳ የት ይገኛል? 35 በ35 1225 ነው፤ 15 በ15 ደግሞ 225። ልዩነቱ 1000፣ ስኩዌር ሩቱም 31.6 ነው። ግድግዳው ወደ መሃል 3.4 ሚሜ ገብቷል ማለት ነው። ምላሱ ቀጥ ያለ ከሆነ የታችኛው ጫፉ ያረፈው ገና ያልተቆረጠ ብረት ላይ ነው። ትንሽ መፋተግ ብቻ ቢሆን ይታለፍ ነበር፤ ይህ ግን ከምላሱ ሙሉ ውፍረት በላይ ነው። በመቁረጫ ምላስ፣ ማለትም በፓርቲንግ ሆልደር፣ ፊት ላይ ግሩቭ ለማውጣት የሚሞክር ሰው ኢንሰርቱን የሚሰብረው ለዚህ ነው።

ያንኑ ስሌት በ300 ሚሜ ዲያሜትር ብንሠራው፣ በዚያው 15 ሚሜ ዝቅታ ላይ ግድግዳው ወደ መሃል የሚገባው 0.75 ሚሜ ብቻ ነው። ክቡ በሰፋ ቁጥር ግድግዳው ወደ ቀጥታ መስመር ይቀርባል፤ ምላሱም ብዙ መጎበጥ አያስፈልገውም።

ፋብሪካዎች ምላሱን እንደ ቅስት የሚያጎብጡት ይህን ለማስታረቅ ነው። ግን አንድ ቅስት ለሁሉም ክብ አይሆንም። ግሩቩ ከሆልደሩ ዝቅተኛ ዲያሜትር ካነሰ፣ የምላሱ የታችኛው ውጫዊ ጎን የውጭውን ግድግዳ ይነካል። ከከፍተኛው ዲያሜትር ከበለጠ ደግሞ የታችኛው ውስጣዊ ጎን የውስጡን ግድግዳ ይነካል። ያገለገለ ሆልደር ስትገዙ ምላሱን አገላብጣችሁ እዩት። የሚያብረቀርቅ የመፋተግ ምልክት በውጭ ጎኑ ካለ ከክልሉ ባነሰ ክብ ላይ፣ በውስጥ ጎኑ ካለ ከክልሉ በበለጠ ክብ ላይ ተሠርቶበታል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለው አንድ ነገር አለ፤ ገንዘብም የሚያድነው እሱ ነው። ክልሉ የሚመለከተው የመጀመሪያውን ቁርጠት ብቻ ነው። አንዴ በክልሉ ውስጥ ቦይ ከከፈታችሁ በኋላ ወደ ውስጥም ሆነ ወደ ውጭ ማስፋት ትችላላችሁ፤ ምላሱ አንድ ጎኑ ላይ ነፃ ቦታ አግኝቷል፣ በሌላው ጎን ያለው ግድግዳም ከቅስቱ ይሸሻል እንጂ አይቀርበውም። ለምሳሌ የግሩቩ ውስጥ 60 ሚሜ፣ ውጩ 90 ሚሜ ይሁን፤ እጃችሁ ላይ ያለው ሆልደር ከ60 እስከ 80 የሚል ነው እንበል። 90 ላይ ልትጀምሩበት አትችሉም። 78 ላይ ግን ትጀምራላችሁ፣ ከዚያ ወደ ውጭ እስከ 90፣ ወደ ውስጥም እስከ 60 ታሰፋላችሁ። ለሰፊ ግሩቭ የመጀመሪያውን ዲያሜትር የምትመርጡት እናንተ ናችሁ። ለጠባብ ግሩቭ፣ ስፋቱ ከኢንሰርቱ ብዙም ለማይበልጠው፣ ምርጫ የላችሁም፤ ሥዕሉ ላይ ያለው ዲያሜትር ይወስናል።

በካታሎግ ላይ የተጻፈው ክልል በአብዛኛው የሚለካው በመጀመሪያው ቦይ የውጭ ዲያሜትር ነው። ካታሎጉ ላይ ያለውን ትንሽ ሥዕል አይታችሁ አረጋግጡ፤ ክልሉ ጠባብ በሆነ ሆልደር ላይ ጥቂት ሚሊ ሜትር ልዩነት ያመጣል።

የእናንተን ዲያሜትር የሚይዙ ሁለት ሆልደሮች ከተገኙ፣ ለምሳሌ አንዱ ከ48 እስከ 70፣ ሌላው ከ66 እስከ 100፣ ግሩቩም 68 ቢሆን፣ ሁለተኛውን ውሰዱ። ቅስቱ ያነሰ ምላስ የበለጠ ጠንካራ ነው፣ ንዝረቱም ያነሰ ነው።

አማራጮቹን እናወዳድር

ለንጽጽሩ አንድ እውነተኛ ሥራ እንያዝ፦ የፓምፕ ክዳን ላይ የኦሪንግ (ፈሳሽ እንዳያልፍ የሚያሽግ የጎማ ቀለበት) ማስቀመጫ። የኦሪንጉ ውፍረት 3.53 ሚሜ ነው፤ ይህ በጣም የተለመደ መጠን ነው። ለእንዲህ ያለ ኦሪንግ ፈሳሽ በሚያሽግ ፊት ላይ የግሩቩ ጥልቀት በግምት ከ2.6 እስከ 2.7 ሚሜ፣ ስፋቱ ከ4.5 እስከ 4.75 ሚሜ ይሆናል። ግፊቱ ከውስጥ ከመጣ ኦሪንጉ የውጭ ግድግዳው ላይ መደገፍ ስላለበት፣ ጥንቃቄ የሚፈልገው የግሩቩ የውጭ ዲያሜትር ነው። ግፊቱ ከውጭ ከሆነ ተቃራኒው ነው፤ ጥንቃቄው ለውስጥ ግድግዳ ይሆናል። የእኛን ግሩቭ ውጩ 70 ሚሜ እናድርገው።

የመጀመሪያው አማራጭ በእጅ የተሳለ ኤችኤስኤስ (ሃይ ስፒድ ስቲል የሚባለው የመቁረጫ ብረት) ነው። ለአንድ ወይም ለጥቂት ክዳን፣ በእጅ ቶርኖ ላይ፣ ከሁሉም በፊት የምመክረው ይህን ነው፤ ሳላመነታም ነው የምመክረው። ምክንያቱ ጂኦሜትሪው ነው። 8 ሚሜ ካሬ የሆነ ኤችኤስኤስ ከስለቱ ወደ ታች የሚወርደው 8 ሚሜ ብቻ ነው። በ70 ሚሜ ግሩቭ ላይ፣ በ8 ሚሜ ዝቅታ ግድግዳው ወደ መሃል የሚገባው 0.93 ሚሜ ነው። የውጭ ጎኑን በ8 ዲግሪ ብትስሉት ከታች 1.1 ሚሜ ያህል ቦታ ታገኛላችሁ፤ በቂ ነው። የውስጥ ጎኑ ቁልቁል ቀጥ ቢል ችግር የለም፣ የውስጡ ግድግዳ ራሱ ከእሱ ይሸሻል። የሚያስፈልገው ከስለቱ ወደ ኋላ በሁለቱም ጎን አንድ ወይም ሁለት ዲግሪ መጥበብ ነው፣ ስለቱ ብቻ እንዲቆርጥ። ከፊት ደግሞ ከ6 እስከ 8 ዲግሪ ክፍተት። ጥልቀቱ ከ3 ሚሜ በታች ስለሆነ የተሳለው ጫፍ አጭር ነው፤ አጭር ከሆነ ጠንካራ ነው።

ድክመቱም ግልጽ ነው። በብረት ላይ ፍጥነቱ በደቂቃ 15 ሜትር አካባቢ ነው፤ በ70 ሚሜ ዲያሜትር በደቂቃ ወደ 68 ዙር ማለት ነው። ሃምሳ ክዳን ካላችሁ ቀኑ አይበቃችሁም። ስፋቱም በሚስለው ሰው የእጅ ችሎታ ላይ የተመሠረተ ነው። ጥልቀቱ 15 ወይም 20 ሚሜ ከሆነም ረጅምና ቀጭን የተሳለ ጫፍ ይታጠፋል ወይም ይሰበራል።

ሁለተኛው ጥልቀት ለሌላቸው ግሩቮች የተሠራ ኢንሰርት ነው። ከኢንሰርቱ የተሳለው ጫፍ ብቻ ቦዩ ውስጥ ይገባል፤ የሆልደሩ አካል ውጭ ይቀራል። ስለዚህ ቅስት ምላስ አያስፈልግም፤ በአብዛኛው የሚጠየቀው ዝቅተኛ ዲያሜትር ብቻ ነው፣ ከዚያ በላይ ምንም ያህል ቢሰፋ ይሠራል። ሥራችሁ በዋናነት የኦሪንግ ግሩቭ ከሆነና ዲያሜትሩ በየሥራው የሚለያይ ከሆነ፣ ለእኔ ትክክለኛው ግዢ ይህ ነው፤ አንድ ሆልደር ብዙ ክዳን ያገለግላል። መጠንቀቅ ያለባችሁ ከፍተኛውን ጥልቀት ነው። 2.5 ሚሜ የሚደርስ ኢንሰርት ለ2.65 ሚሜ ግሩቭ አይሆንም፤ ትንሿ ልዩነት የሆልደሩን አካል ከክዳኑ ፊት ጋር ታጋጫለች።

ሦስተኛው ወጥ ሆልደር ነው፣ እጀታውና ቅስት ምላሱ ከአንድ ብረት የተሠሩ። ከሁሉም የጠነከረው እሱ ነው። አንድ ዓይነት ክፍል በብዛት ለሚያመርት ድርጅት፣ ወይም ጥልቅ ግሩቭ ለሚሠራ፣ ወጥ ሆልደርን የሚያህል የለም። ችግሩ አንድ ክልል ብቻ ማገልገሉ ነው። ከ40 እስከ 200 ሚሜ ያለውን ሁሉ ለመሸፈን በርካታ ሆልደር ያስፈልጋል፤ ትናንሾቹ ዲያሜትሮች ላይ ክልሎቹ በጣም ጠባብ ናቸው፣ ትላልቆቹ ላይ ይሰፋሉ።

አራተኛው ተነቃይ ምላስ ያለው ነው። አንድ እጀታ ትገዛላችሁ፣ ለየዲያሜትሩ ምላሱን ወይም ካርትሪጁን (ምላሱን የያዘውን ተነቃይ ጭንቅላት) ብቻ ትቀይራላችሁ። ሥራው በየቀኑ ለሚለዋወጥ የጥገና ቤት ይህ ከወጥ ሆልደር ክምችት ይረክሳል፤ ምላስ ቢሰበርም እጀታው ይተርፋል። መጋጠሚያው ግን ትንሽ ጥንካሬ ይወስዳል። ከኢንሰርት ስፋት ጋር ሲነጻጸር ጥልቅ የሆነ ግሩቭ ላይ ልዩነቱ በንዝረት ድምፅ ይታወቃል። ምላሱን ስትቀይሩ መቀመጫውን ሳትጠርጉ አታስሩ፤ አንዲት ፍቅፋቂ ከሥር ብትቀር ስለቱ ከሴንተር ይወጣል።

አምስተኛውን ባጭሩ ልለፈው፤ የሚያስፈልገው ሰው ጥቂት ነው። ግሩቩ በጉድጓድ ግርጌ ከሆነ ወይም ዲያሜትሩ በጣም ትንሽ ከሆነ፣ እንደ ቦሪንግ ባር (የጉድጓድ ማስፊያ ቱል) የተሠራ ክብ እጀታ ያለው ሆልደር ወይም ከሙሉ ካርባይድ (በጣም ጠንካራ የመቁረጫ ቁስ) የተሳለ ትንሽ ባር ያስፈልጋል። ውድ ነው፣ ይሰበራል። ለአንድ ጊዜ ሥራ እዚያም ቢሆን ኤችኤስኤስ ይሻላል።

ቀለበት ከሳህን ብረት ማውጣትም በዚሁ ዘርፍ ይካተታል። ውድ የነሐስ ሳህን ላይ መሃሉን ሁሉ ፍቅፋቂ ከማድረግ፣ ጥልቅ ፌስ ግሩቭ ቆርጦ መሃሉን እንደ ሙሉ ክብ ማውጣት ብረቱን ያድናል፤ የወጣው ክብ ለሌላ ቡሽ (ዘንግ የሚዞርበት ቀለበት) ይሆናል። ለዚህ ሥራ የምመርጠው ወጥ ሆልደርን ነው፤ ጥልቀቱ ምሕረት የለውም።

ቀኝ ወይስ ግራ

ይህ ክፍል ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነው፤ ምክንያቱም ፋብሪካዎቹ ቀኝና ግራ የሚሉት ሁሌም በአንድ መንገድ አይደለም። ቀጥ ባለ ሆልደር ላይ ፊደሉ (R ቀኝ ወይም L ግራ) ስለ ምላሱ ቅስት ይናገራል፤ ጭንቅላቱ 90 ዲግሪ በዞረ ሆልደር ላይ ግን አንድ ምልክት ጭንቅላቱ ወደየት እንደሚያይ፣ ሌላ ምልክት ደግሞ ቅስቱ ወደየት እንደሆነ ይናገራል። ስለዚህ በፊደል ሳይሆን በሥዕል ግዙ።

ሥዕሉን የምታነቡት እንዲህ ነው። የተለመደው የእጅ ቶርኖ ላይ ኦፕሬተሩ ፊት ለፊት ቆሞ፣ ቱሉ (መቁረጫው) በእሱ በኩል ነው፣ ስለቱ ወደ ላይ ያያል፣ ሥራው በኦፕሬተሩ በኩል ወደ ታች ይዞራል። በዚህ አቀማመጥ የምላሱ የታችኛው ክፍል ከኦፕሬተሩ ርቆ ወደ ስፒንድሉ (ሥራውን የሚያዞረው ዘንግ) መሃል መጎበጥ አለበት። ሆልደሩን በእጃችሁ ይዛችሁ፣ ቱል ፖስት (ቱሉ የሚታሰርበት) ላይ እንዳለ አድርጋችሁ እዩት። ታቹ ወደ እናንተ ከጎበጠ ያ የሌላ ማሽን ነው።

ሲኤንሲ (በኮምፒውተር የሚታዘዝ ማሽን) ላይ ተሬቱ (ቱሎቹን የሚይዘው ተዟሪ ክፍል) በስተኋላ ሲሆን ሁለት መንገድ አለ። ኢንሰርቱ ወደ ታች እያየ ስፒንድሉ በኤም 03 (በመደበኛው የዙር ትእዛዝ) ከዞረ፣ የእጅ ቶርኖውን አቀማመጥ በ180 ዲግሪ ዞሮ እንደማየት ነው፤ ያው ቅስት ይሠራል። ኢንሰርቱ ወደ ላይ እያየ ስፒንድሉ በኤም 04 (በተቃራኒው የዙር ትእዛዝ) ከዞረ ግን ተቃራኒው ቅስት ያስፈልጋል። ሆልደሩን ከማዘዛችሁ በፊት ይህን ወስኑ፤ ከመጣ በኋላ የሚስተካከል ነገር አይደለም።

ቀጥ ያለ እጀታ ወይስ 90 ዲግሪ

ቀጥ ያለው ሆልደር እጀታው ከስፒንድሉ ጋር ትይዩ ይቀመጣል፣ እንደ ቦሪንግ ባር። የፊድ ኃይሉ (ቱሉን ወደ ብረቱ የሚገፋው) በእጀታው ርዝመት ስለሚያልፍ ጠንካራ ነው። ሁለቱም የሚቻሉ ከሆነ እሱን እመርጣለሁ። 90 ዲግሪው እጀታው እንደ ተራ ቱል ወደ መሃል ይገባል፣ ጭንቅላቱ ብቻ ወደ ቻክ (የሥራው መያዣ) ይዞራል። ፊዱ እጀታውን በጎን ስለሚገፋው፣ ከቱል ፖስቱ የሚወጣው ርዝመት በጣም አጭር መሆን አለበት።

ታዲያ 90 ዲግሪው መቼ ያስፈልጋል? ቱል ፖስታችሁ ቀጥ ያለ ሆልደር የሚይዝ ጎን ከሌለው፣ ወይም ተሬቱ ላይ ያለው ቦታ ለውጭ ቱል ብቻ ከሆነ። ሌላው ምክንያት የክፍሉ ቅርጽ ነው። ክዳኑ መሃሉ ላይ ጎልቶ የወጣ አንገት ካለውና ግሩቩ አንገቱ ሥር ከሆነ፣ የሆልደሩ አካል አንገቱን ሳይነካ ይገባ እንደሆነ በወረቀት ላይ በልኩ ሣሉት። ይህን የሚያክል ሥዕል አሥር ደቂቃ ይፈጃል፤ በጊዜ የሚገኝ ትርፍ ነው።

የእጀታው መጠን፣ 16 በ16 ሆነ 20 በ20 ወይም 25 በ25፣ በማሽኑ የሚወሰን ነው። ቱል ፖስቱ የሚይዘውን ትልቁን ውሰዱ፣ ሌላ የሚባል የለም።

ጥልቀት፣ ስፋትና ማሰሪያ

እያንዳንዱ ሆልደር የሚደርስበት ከፍተኛ ጥልቀት አለው። ረጅም ምላስ ያለው አጭሩንም ስለሚሠራ እሱን መግዛት ብልህነት ይመስላል፤ አይደለም። ምላሱ በረዘመ ቁጥር ንዝረት ይጨምራል፤ 8 ሚሜ ጥልቀት ለሚፈልግ ሥራ 25 ሚሜ ምላስ የቦዩን ግድግዳ ሸካራ ያደርጋል። ለሥራችሁ የሚበቃውን አጭሩን ምረጡ።

ስፋት ላይ ደግሞ ተቃራኒ ፈተና አለ። ሰፊ ኢንሰርት ጠንካራ ነው፣ ግን ማሽኑን የበለጠ ይጭነዋል። ለ4.6 ሚሜ የኦሪንግ ግሩቭ በአንድ ጊዜ የሚጨርስ ኢንሰርት ከመፈለግ፣ በ3 ሚሜ ሁለት ጊዜ መግባት ይሻላል። ቀለል ያለ ቶርኖ ላይ ንዝረቱ ያነሰ ነው፣ ስፋቱንም እናንተ ትቆጣጠሩታላችሁ። በምሳሌያችን መጀመሪያ የውጭ ጫፉ 70 ላይ ሆኖ ይገባል፣ ከዚያ 1.6 ሚሜ ወደ መሃል ተጠግቶ ሁለተኛው ይገባል። ሁለተኛው ከኢንሰርቱ ስፋት ግማሽ በላይ ስለሚቆርጥ ስለቱ እኩል ይጫናል፤ በካርባይድ ማስፋት ላይ ከግማሽ እስከ አራት አምስተኛ የኢንሰርት ስፋት ጥሩ መጠን ነው።

ከትልቁ ዲያሜትር ጀምሮ ወደ ውስጥ መሄድ የሚመከረው በፍቅፋቂው ምክንያት ነው። የመጀመሪያው ቦይ ላይ ፍቅፋቂው በሁለት ግድግዳ መካከል ታስሯል፣ መውጫው አንድ ብቻ ነው። ተጠቅልሎ ከተጣበቀ ኢንሰርቱ ያልቃል። ስለዚህ የመጀመሪያውን በዝግታ፣ ቀጣዮቹን ከፍ ባለ ፊድ ሂዱ። ግራጫ ካስት አይረን ላይ ይህ ብዙ አያሳስብም፣ ፍቅፋቂው ይደቃል። አይዝጌ ብረት ላይ ግን ዋናው ጭንቀት ይህ ነው፤ ኩላንቱን (ማቀዝቀዣ ፈሳሹን) በሆልደሩ ውስጥ አልፎ ስለቱ ላይ የሚለቅ ሆልደር ተጨማሪ ዋጋውን የሚመልሰው እዚያ ነው። የእጅ ቶርኖ ላይ የኩላንት ፓምፓችሁ ደካማ ከሆነ ግን ለዚያ ተጨማሪ አትክፈሉ።

ማሰሪያው ሁለት ዓይነት ነው። በራሱ ጥርስ የሚይዝ ሆልደር ኢንሰርት ለመቀየር ፈጣን ነው፣ ቀጥ ብሎ ገብቶ ለመውጣትም ይበቃል። ቦዩን በጎን እያረሳችሁ የምታሰፉ ከሆነ በብሎን የሚታሰረውን ውሰዱ፤ የጎን ኃይል ኢንሰርቱን ከመቀመጫው ያንቀሳቅሰዋል።

ኢንሰርት ስትመርጡ ሣጥኑ ላይ ያለውን ቀለም እዩ፦ ሰማያዊ ለተራ ብረት፣ ቢጫ ለአይዝጌ፣ ቀይ ለካስት አይረን፣ አረንጓዴ ለአሉሚኒየምና ለነሐስ።

ከየት፣ ምን ዓይነት

እንደ ሳንድቪክ ኮሮማንት፣ ኢስካር፣ ኬናሜታልና ኪዮሴራ ያሉት ኩባንያዎች ለፌስ ግሩቭ የተለየ መስመር አላቸው። በእስራኤል ማሽን ቤት ለምትሠሩ ወገኖች ኢስካር የሠፈር ዕቃ ነው፤ በ1952 ናሃሪያ ውስጥ የተመሠረተ ኩባንያ ነው፣ ለፌስ ግሩቭ የሚያመርተው ሄሊፌስ የሚባለው ቤተሰብም ይታወቃል። በእነዚህ ካታሎጎች ላይ የዲያሜትር ክልሉ፣ ጥልቀቱና የቅስቱ አቅጣጫ በግልጽ ተጽፎ ይገኛል፤ ዋጋቸው በከፊል ለዚህ ነው።

አዲስ አበባ ላለ ቶርኖ ቤት ጥያቄው ሌላ ነው። ሆልደሩ አንዴ ይገዛል፤ ኢንሰርቱ ግን ደጋግሞ ይገዛል። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ሁሉ በብር ሲቆጠር ከብዷል። ስለዚህ ከሆልደሩ በፊት ኢንሰርቱን ፈልጉ። ኤምጂኤምኤን የሚባሉት ኢንሰርቶች ብዙ ፋብሪካ የሚያመርታቸው፣ በርካሽ የሚገኙ ናቸው፤ ኤምጂኤምኤን 300 የሚለው 3 ሚሜ ስፋት ነው። እነሱን የሚቀበል የፌስ ግሩቭ ሆልደርም ይሸጣል። ጥራታቸው እንደ ሠሪው ይለያያል፤ ግን ነገ ኢንሰርት ሲሰበር ሌላ ማግኘት መቻል፣ ኢንሰርቱ አልቆ መደርደሪያ ላይ ከሚቀመጥ ምርጥ ሆልደር ይበልጣል። በዱባይ በኩል በሰው ለምታስመጡ፣ ሆልደሩን ብቻ አታዝዙ፤ ኢንሰርቱን፣ ብሎኑንና ቁልፉን አብራችሁ አዝዙ።

ርካሽ ሆልደር ሲመጣ የዲያሜትር ክልሉ ራሱ ላይ ተጽፎ ካልተገኘ አትመኑት። በካርቶን ላይ የምትፈልጉትን ዲያሜትር በኮምፓስ ሣሉና ምላሱን ከጫፉ በኩል በመስመሩ ላይ አስቀምጡት። የውጭ ጎኑ ከክቡ መስመር ካለፈ ለዚያ ዲያሜትር አይሆንም።

ከመጀመሪያው ቁርጠት በፊት

ሆልደሩ ትክክል ሆኖም አገጣጠሙ ሊያበላሸው ይችላል። ስለቱ ሴንተር ላይ መሆን አለበት፤ የስለቱ መስመርም ከክሮስ ስላይዱ (ቱሉን ወደ መሃል የሚወስደው ክፍል) ጉዞ ጋር ትይዩ መሆን አለበት። ዳያል ጌጅን (ባለ መርፌውን መለኪያ) ከማይንቀሳቀስ ነገር ላይ አስራችሁ፣ ክሮስ ስላይዱን እያንቀሳቀሳችሁ የኢንሰርቱን ፊት ወይም የሆልደሩን ቀጥ ያለ ጠርዝ አንብቡ። መርፌው ከተንቀሳቀሰ የግሩቩ ግርጌ ተዳፋት ይሆናል፣ ኦሪንጉም በአንድ በኩል ብቻ ይጨመቃል።

በካርባይድ በተራ ብረት ላይ በደቂቃ 100 ሜትር ብትጀምሩ፣ በ70 ሚሜ ዲያሜትር 455 ዙር ያህል ነው። ፊዱን ለመጀመሪያው ቦይ በዙር 0.05 ሚሜ አካባቢ ያዙት፤ ፍቅፋቂው በደንብ ከወጣ ጨምሩ። የፋኑክ መቆጣጠሪያ ያላቸው ማሽኖች ላይ ጂ 74 ለዚህ የተሠራ ሳይክል ነው፣ እየገባ እየወጣ ፍቅፋቂውን ይቆርጣል። ግርጌው ላይ ሲደርስ ከአንድ ዙር በላይ አታቁሙት፤ የቆመ ስለት አይቆርጥም፣ ይፋተጋል፣ ብረቱንም ያጠነክረዋል።

አዲስ ሆልደር ለመጀመሪያ ጊዜ ስትሞክሩ የምላሱን ሁለቱንም ጎን በሰማያዊ ማርከር ቀቡት። ምላሱ ራሱ ቦዩ ውስጥ ጥቂት እስኪገባ ድረስ ብቻ ቁረጡና መልሳችሁ አውጡት። ቀለሙ ከታች በውጭ ጎን ከተፋቀ ዲያሜትሩ ለዚያ ሆልደር አንሷል፣ በውስጥ ጎን ከተፋቀ በዝቷል፤ በሁለቱም ጎን እንዳለ ከወጣ ወደ ሙሉ ጥልቀት ቀጥሉ።